ዋስ ያጣ ዱቤ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የሱቃችን ባለቤት ሐጂ "ነገ ዓመቱ ነው" አሉኝ። የምኑ ብዬ አልጠየቅሁም። አምና ጥቅምት 11 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። የእሳት አደጋ መኪናው በዚያ ጠባብ መንገድ ለመግባት ሲታገል፣ ሰው ቦንዳውን በትከሻው፣ በጋሪ፣ በአንሶላ እየቋጠረ ሲያሸሽ ያዩትን ዛሬም ፊታቸው እንዳለ አድርገው ነው የሚያወሩት። የኛ ሱቅ ወረድ ብሎ ስለሆነ ተረፈ። ከዚያች ማታ ወዲህ ግን ሐጂ የሚሰጉት ለዕቃው አይደለም። "ብርድ ልብስ እንደሆነ ይመጣል። ደብተሩ ከነደደ ማን ስንት እንዳለበት ማን ይነግረኛል?" ይላሉ።

ደብተሩ ዛሬ ደብተር አይደለም። በ2014 የዱቤውን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በብርድ ልብስ ቦንዳ በታጠረች ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ እሱ ላይ ይሠራል። ታች ሱቅ ሁለት፣ መጋዘን አንድ ስክሪን ተያይዟል። ባክአፕ በየማታው ይወሰዳል። የሚያድረው ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለች ዲስክ ውስጥ ነው። እሳት ቢመጣ አብሮ የሚነድ ባክአፕ መሆኑ ነው።

"ኮፒው ከመርካቶ ውጭ ይደር" አሉ ሐጂ። "ደግሞ ይሠራ አይሠራ ከፍተህ እየው።"

ሁለተኛዋ ቃል ወጋችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ትናንት ማታ ዲስኳን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ራት ሳልበላ ባክአፑን የራሴ ላፕቶፕ ላይ መመለስ ጀመርኩ። ደንበኞች ገቡ። ዕቃዎች ገቡ። ዕዳዎች ገቡ። ከዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀይ መስመር።

ፖስትግሬስ ባክአፕ ሲመልስ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ባዶ ሠንጠረዦቹን ያቆማል፣ ቀጥሎ መረጃውን ይሞላል፣ በሠንጠረዦች መካከል ያለውን ማሰሪያ፣ ማለትም ፎሪን ኪ የምንለውን፣ የሚያስረው በስተመጨረሻ ነው። መጋዘን ሲሞላ በሩ ተከፍቶ እንደሚቆየውና ቁልፉ ማታ እንደሚገባው ማለት ነው። ቁልፉ አልገባም አለ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ በዕዳ ሠንጠረዥ ላይ ያለው ደንበኛ ቁጥር 412 በደንበኞች ሠንጠረዥ ውስጥ የለም።

ዲስኳ ተበላሽታ ይሆናል ብዬ የሰኞውን ትቼ የእሑዱን ሞከርኩ። 412 የለም። የመስከረሙንም ሞከርኩ። 412 የለም።

ጠዋት መርካቶ ገብቼ ዋናውን ዳታቤዝ ጠየቅሁት። ማሰሪያው በቦታው አለ፤ የጸና ነው ይላል። 412 የሚባል ደንበኛ ግን እዚያም የለም፤ የ412 ዕዳ አለ። በሩ ተቆልፏል፣ ሌባው ደግሞ ውስጥ ነው። እኔ እስከዛሬ የማውቀው ፎሪን ኪ ካለ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይሆን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ፎሪን ኪ ለማያውቀው ሰው ሳስረዳ ሁሌ የምጠቅሰው ዋስን ነው። ሐጂ ወዛደር እንኳ ያለ ዋስ አይቀጥሩም። ልጁ ቦንዳ ተሸክሞ ቢሰወር የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። ዕዳም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ የዕዳ መስመር "እኔ የእገሌ ነኝ" ብሎ የደንበኛ ቁጥር ይጠራል። ዳታቤዙ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠብቃል። በሌለ ሰው ስም ዕዳ እንዳይጻፍ አንድ፤ ዕዳ ያለበት ሰው ከመዝገብ እንዳይጠፋ ሁለት። ቀበሌ መሸኛ ሲጠየቅ "ያልተመለሰ ነገር አለብህ" ብሎ እንደሚይዘው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥና በሠንጠረዦች ዝምድና ስለማደራጀት በጻፈው ጽሑፍ ላይ የአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚጠቁምበት ቁልፍ አለ። የዳታቤዝ ቋንቋው የኤስኪውኤል መለኪያ ግን ፎሪን ኪን ያወቀው በ1989 ነው፤ ስረዛን ከአንዱ መስመር ወደ ተያያዘው የሚያወርደውን ካስኬድን በ1992፤ ራሱ የሚነሳውን ትሪገርን በ1999። ያ ሁሉ እስኪሆን የዳታቤዝ ሻጮቹ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሠርቶ ነበር። አንዱ ዳታቤዝ ላይ የሚሆነው ሌላው ላይ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዋስ ያጡትን ዕዳዎች ቆጠርኳቸው። 23 መስመር፤ አራት የደንበኛ ቁጥር። 388፣ 407፣ 412፣ 519። ድምሩ 286,450 ብር።

ማንም ያላስተዋለበት ምክንያትም ገባኝ። ለሐጂ በየሳምንቱ የሚታተመው ሪፖርት ዕዳን ከስም ጋር እያጣመደ ነው የሚያወጣው። ስም የሌለው አይጣመድም፣ ስለዚህ አይታይም። ገንዘቡ ከመዝገቡ አልጠፋም፤ የጠፋው ከወረቀቱ ነው። ለሐጂ አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ እንዴት እንደሆነ ልወቅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ቅዳሜ መርካቶ ውስጥ ስለ ዳታቤዝ የሚታሰብበት ቀን አይደለም። ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከጅማ የመጣው ነጋዴ ሁሉ ጠዋት ገብቶ ማታ መኪና መሳፈር ይፈልጋል፤ ደረጃው ላይ ቦንዳ የተሸከመ ሲወርድ ባዶ እጁን የሚወጣው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እንዲያም ሆኖ እትዬ ምሳቸውን ሲበሉ ጎናቸው ተቀመጥኩ። እትዬ የሐጂ ሒሳብ ያዥ ናቸው፤ ከእኔም ከኮምፒውተሩም በፊት እዚህ ቤት የነበሩ።

"እትዬ፣ ደንበኛ ሰርዘው ያውቃሉ?"

"አዎን። መንታ መንታውን።"

መንታ የሚሉት እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ መጀመሪያ "ፀሐይ" ተብላ ትመዘገባለች። ሌላ ቀን ሌላ ልጅ "ጸሀይ" ብሎ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ የለችም ይለዋል፤ እንደ አዲስ ይመዘግባታል። ኃይሉ በአንዱ ኃ፣ በሌላው ሀ፣ በሦስተኛው ሃ። ዓለሙና አለሙ። ጆሮ አንድ የሚሰማውን ኮምፒውተር ለየብቻ ነው የሚያየው። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር፤ በ2014 "ቆይቶ" ብዬ አልፌው እስከዛሬ ቆይቷል። እትዬ መንታ ባገኙ ቁጥር የማይሠራበትን እየመረጡ ሰርዘዋል።

"ሲሰርዙ ዕዳ እንዳለበት ያያሉ?"

"ዕዳ ያለበትን አያሰርዝም ብለኸኝ የለ? አልከለከለኝም። ስለዚህ ዕዳ የለበትም ማለት ነው።"

እሳቸው ልክ ናቸው። ብለናቸው ነበር።

ከዚያ ደግሞ የእንጀራቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ ነገሬ ሳይሉት፣ "ነሐሴ ላይ እኮ የደሴው ሰውዬ አስቸግሮኝ ነበር" አሉኝ። ሰውዬው 64,200 ብር ይዞ ይመጣል፣ እትዬ ስሙን ይፈልጋሉ፣ ዕዳ የለበትም። ሂድ፣ የለብህም ይሉታል። አልሄድም ይላል። "ከደብተርሽ ላይ ካልሰረዝሽልኝ እግሬን አላነሳም።" የሌለ ዕዳ ደግሞ አይሰረዝም። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ገንዘቡን ተቀብለው በእጃቸው ደረሰኝ ጻፉለት፤ ያልታወቀ ገቢ ብለው መሳቢያ ውስጥ አኖሩት።

ወዲያው ወደ ላይ ወጣሁ። የ412 ዕዳ ድምር፦ 64,200።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ በላፕቶፔ ላይ ሠራሁት፤ ከባዶ። ሁለት ሠንጠረዥ። አንድ ደንበኛ፣ ስሙ "ሙከራ"። በሱ ስም የ100 ብር ዕዳ። ፎሪን ኪው ከካስኬድ ጋር፤ ደንበኛው ሲሰረዝ ዕዳውም አብሮ ይሰረዛል ማለት ነው። ዋናው ላይም እንደዚህ ነው ያደረግሁት፤ በ2014 ስጀምር የፈጠራ ደንበኞችን ቶሎ ቶሎ ማጥፋት ነበረብኝና ካስኬድ ቀለለኝ። ከዚያ በዚያው ተረሳ።

ቀጥሎ ትሪገሩን ጨመርኩ። ትሪገር ማለት አንድ ነገር ሊደረግ ሲል ወይም ከተደረገ በኋላ ማንም ሳይጠራው ራሱ የሚነሳ ትንሽ ትእዛዝ ነው። በ2015 አንድ ልጅ የዘመዱን ዕዳ ከመዝገብ ሲያጠፋ ተያዘና ሐጂ "ያልተከፈለ ዕዳ ማንም እንዳይሰርዝ!" አሉ። እኔም ከስረዛ በፊት የሚነሳ ትሪገር ጻፍኩ፤ ዕዳው ካልተከፈለ ስረዛውን ያስቀራል። እዚህ ጋ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ጮኾ መከልከል ነው፤ ስህተት ብሎ ሁሉንም ያፈርሰዋል። ሌላው ዝም ብሎ መዋጥ ነው፤ ትሪገሩ "ናል" ብሎ ይመልሳል፣ ያቺ መስመር ሳትሰረዝ ትታለፋለች፣ ማንም ምንም አይሰማም። እኔ መዋጡን መረጥኩ። ምክንያቴ ቴክኒክ አልነበረም። ቀይ መስኮት በወጣ ቁጥር ከታች ሱቅ ስልክ ይደወልልኛል፤ ሰልችቶኝ ነበር።

እንግዲህ ደንበኛ "ሙከራ"ን ሰረዝኩት። ዳታቤዙ አንድ መስመር ተሰርዟል አለኝ። ደንበኞችን አየሁ፤ ባዶ። ዕዳዎችን አየሁ፤ 100 ብር እዚያው ተቀምጧል፣ ባለቤቱ የለም። ማሰሪያውን ጠየቅሁት፤ ሁሉ ደህና ነው ይላል።

ሁለቴ ደገምኩት። ከዚያ ወርጄ ሻይ ጠጣሁ።

የሆነው ይኼ ነው። ፖስትግሬስ ውስጥ ፎሪን ኪ ራሱ በትሪገር ነው የተሠራው። አንድ ፎሪን ኪ ሲታሰር አራት ድብቅ ትሪገሮች ይፈጠራሉ፤ ሁለቱ በደንበኞች፣ ሁለቱ በዕዳዎች ሠንጠረዥ ላይ። በተለመደው ዝርዝር ውስጥ አይታዩም፤ የትሪገሮቹን ዋና መዝገብ ስትከፍት ግን ከነቁጥራቸው ተደርድረዋል። ደንበኛው ሲሰረዝ በመጀመሪያ መስመሩ ይሄዳል፤ ከኋላ ድብቁ ትሪገር ይነሳና ዕዳዎቹን "ሰርዝ" ብሎ ያዛል። ትእዛዙ እኔና እትዬ ከምንጽፈው የተለየ አይደለም፤ ተራ የስረዛ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የእኔ ትሪገር መንገድ ላይ ቆሞ ያገኘዋል፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነው ይልና ይውጠዋል። ካስኬዱ ደግሞ ያዘዘው መፈጸሙን ዞሮ አያይም። አዟል፣ በቃው። አለቃው "ተጭኗል" ብሎ ይፈርማል፣ ቦንዳው ግን መጋዘን ውስጥ ነው።

መመሪያውን ገልጬ አየሁ። ተጽፏል። ካስኬድ በሚነካው ሠንጠረዥ ላይ ያለ ትሪገር ትእዛዙን ከለወጠ ወይም ካገደ ዝምድናው ሊፈርስ እንደሚችል፣ ይህ እንዳይሆን የመጠንቀቁ ኃላፊነትም የትሪገሩ ጸሐፊ እንደሆነ ይናገራል። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ሁለቱ ሕጎች የወጡት ለአንድ ዓላማ ነው፤ ዕዳ እንዳይጠፋ፣ ዕዳ ባለቤት እንዳያጣ። ለየብቻ ብትመረምራቸው እንከን አታወጣላቸውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ለሐጂ ነገርኳቸው። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

"ዋሱ ለቀቀ ማለት ነው" አሉ።

"አዎን ሐጂ።"

"ሌላ ዋስ ሳይተካ?"

"ሳይተካ።"

"ታዲያ ማን ልቀቅ አለው?"

ከእንግሊዝኛው መመሪያ ሁሉ ይቺ ጥያቄ ትበልጣለች። እዚህ አገር ዋስ ከዋስትና የሚወጣበት መንገድ አለው፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ብቻ ብዙ አንቀጽ ተጽፏል። የሐጂ ደንብ ግን ከሕጉ ያጠረ ነው፦ ዋስ ሌላ ዋስ ሳይተካ አይለቅም። የእኔ ዳታቤዝ "ልቀቅ" ያለው ካስኬድ የሚለውን ቃል በ2014 ስጽፍ ነው። ዋሱ ከወጣ ዕዳውም ይውጣ ማለት እኮ ነው። የትኛው ነጋዴ ነው እንዲህ የሚል?

ስወጣ ጠሩኝ። "የሰዎቹን ስም አግኝ። ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ እየደወልኩ ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። ዕዳ አለብህ ሳይባል የከረመ ሰው ድንገት ሲጠየቅ ይከፋዋል።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ማታ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ከሙያ ባልደረባዬ ጋር ተገናኘን። እሱ የሚሠራበት ቤት ሌላ ዳታቤዝ ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀና የራሱን ነገረኝ። ማይኤስኪውኤል ስምንትን ይጠቀማሉ። እዚያ ካስኬድ የሚያደርገው ስረዛ የልጁን ሠንጠረዥ ትሪገር ጨርሶ አያስነሳም። እነሱ ደግሞ የተሰረዘውን ሁሉ ወደ ታሪክ መዝገብ የሚጽፍ ትሪገር ነበራቸው። እናት መስመር ሲሰረዝ ልጆቹ በካስኬድ ይጠፋሉ፣ ታሪኩ ግን ባዶ ነው። የእኔ ትሪገር መነሳት በሌለበት ቦታ ተነሳ፤ የእሱ መነሳት በነበረበት ቦታ ተኛ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሁለታችንም ይጠነቀቃል፤ የስረዛ ካስኬድ ባለበት ሠንጠረዥ ላይ ስረዛውን የሚተካ ትሪገር ልጻፍ ብትለው ከመነሻው እምቢ ይላል። ኦራክል እየተለወጠ ያለውን ሠንጠረዥ ትሪገሩ ሊያነብ ሲሞክር ጮኾ ያቆመዋል። ኤስኪውላይት ደግሞ ፎሪን ኪን በግንኙነቱ ሁሉ ካላበራኸው እንዲያው ጽሑፍ ነው። አምስት ዳታቤዝ፣ አምስት ጠባይ።

ባልደረባዬ መፍትሔ ያለውን አቀረበ። "ፎሪን ኪውን ጣለውና ሁሉንም በትሪገር አስከብር። ቢያንስ የሚሆነውን ታያለህ።" ሌላ ጊዜ ቢሆን እስማማ ነበር። ግን ታች ሱቅ ያሉትን ሁለት ስክሪኖች አሰብኩ። እትዬ እዚህ ደንበኛውን እየሰረዙ ነው፤ ገና አላጸደቁም። በዚያችው ደቂቃ ልጁ እዚያ ለዚያው ደንበኛ የ40 ሺህ ብር ዱቤ እየጻፈ ነው። የእኔ ትሪገር "ደንበኛው አለ ወይ?" ብሎ ያያል፤ የእትዬ ስረዛ ገና ስላልጸደቀ አለ ይለዋል። በእትዬ በኩል ያለው "ዕዳ አለበት ወይ?" ይላል፤ የልጁ ዱቤ ገና ስላልጸደቀ የለበትም ይለዋል። ሁለቱም እውነት ተናግረው፣ ሁለቱም ያጸድቃሉ። ፎሪን ኪ ግን ማየት ብቻ ሳይሆን ይይዛል፤ ዱቤው ሲጻፍ የደንበኛውን መስመር እጁን ይዞ ይቆያል፣ ሰራዡ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ ብል ያንን መቆለፊያ ሁሉ ማሰብ አለብኝ። ፍየል ጠባቂ ልሁን ብሎ ጅብ መሆን ነው።

ሻዩን እሱ ከፈለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዋናውን ዳታቤዝ ለመንካት ከዓርብ ቀትር የተሻለ ጊዜ የለም። ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሐጂና ግማሹ ልጆች ወደ አንዋር መስጊድ ይሄዳሉ፤ መንገዱ በሰጋጅ ይሞላል፣ ሱቁ ይዘጋል። አንድ ሰዓት አለኝ።

መጀመሪያ ስሞቹ። እትዬ የድሮውን የወረቀት ደብተር አውጥተው ሦስቱን መንታዎች ለዩልኝ። 388 ዓለሙ የተባለውን ደንበኛ በአልፋው አ የጻፈው ነው፣ 407 ኃይሉ፣ 412 የደሴው። የሦስቱንም ዕዳ ወደ ተረፈው ትክክለኛ ቁጥራቸው አዛወርኩ። ሲዛወር ፎሪን ኪው አዲሱን ቁጥር ራሱ ይመረምራል፤ አለፈ። ከዚያ እትዬ መሳቢያቸውን ከፍተው 64,200ዋን በየቦታዋ አስገቡ። "አላልኩህም?" አሉኝ፤ ያሉኝ ነገር ባይኖርም።

519 ቀረ። ለጊዜው "ያልታወቀ" የሚል ደንበኛ ከፍቼ አስጠጋሁት።

ቀጥሎ የካስኬዱን ማሰሪያ ፈትቼ በሪስትሪክት አሰርኩ፤ ዕዳ ያለበት ደንበኛ ከእንግዲህ አይሰረዝም። አዲሱ ሲታሰር ያለውን መረጃ ሁሉ እየቆጠረ መረመረ፤ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ፤ ታሰረ። ትሪገሩንም ለወጥኩት። መዋጥ የለም፤ ይጮኻል።

ሥራው መሀል ላይ አንድ ፈተና ገጥሞኝ ነበር፤ እዚህ ልጻፈው። ዕዳ ሳዛውር አንድ ሌላ ትሪገር ይነሳና የሒሳብ ማስታወሻ ይጽፋል፤ እንዳይረብሸኝ የሠንጠረዡን ትሪገሮች "ሁሉንም አጥፋ" ልል እጄ ትእዛዙ ላይ ደርሶ ነበር። ሁሉንም ሲባል ግን ድብቆቹም ውስጥ ናቸው። ፎሪን ኪውን ነው የምታጠፋው። ትእዛዙን የዳታቤዙ ዋና ጌታ ብቻ እንዲሰጥ የተደረገውም ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ በዋና ጌታ ስም ነው የምገባው። የምፈልገውን አንዱን በስሙ ጠርቼ አጠፋሁ፤ ስጨርስ በስሙ አበራሁ።

7 ሰዓት ከ40 ላይ ልጆቹ እየተሳሳቁ ደረጃውን ወጡ። ጨርሼ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

519 ተገኘ። ዳታቤዝ አይደለም ያገኘው። የዕዳውን መስመሮች ለሐጂ አነበብኩላቸው፤ ሁሉም የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ቢጫ። ሐጂ ሳያስጨርሱኝ ሳቁ። "ቢጫ ብቻ የምትገዛ አንዲት ሴት ናት ያለችኝ። ባለፈው ዓመት ሱቋን ዘግታ ልጇ ዘንድ ሄደች።" ደወሉላት። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ልጆቹ፣ ዝናቡ፣ የጉልበቷ ሕመም፣ የሐጂ ስኳር። ስለ 18,500 ብር ዕዳዋ በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ተነጋገሩ።

የቀሩት ሁለቱም አመኑ። ከ286,450ው ላይ የደሴው ሰው የከፈለው ሲነሳ 222,250 ብር በእጃችን ሳይሆን በስማቸው ተመልሷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የሞክሼ ፊደላቱን ፍለጋ ሠራሁ። ስም ሲመዘገብ ከጎኑ ድብቅ ቅጂ ይጻፋል፤ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ኃ ሁሉ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ኣ፣ ዓ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ። ቅጂውን የሚጽፈው ትሪገር ነው። አዎን፣ ሌላ ትሪገር። ይኼኛው ግን የራሱን መስመር ከማስተካከል ሌላ የማንንም ደጅ አይረግጥም፤ ለትሪገር የምፈቅደው ሥራ ከእንግዲህ እስከዚህ ነው። እትዬ ሞከሩት፤ "ፀሐይ" ብለው ጻፉ፣ ጸሀይም ፀሃይም ወጡ። "ይኼን ያኔ ብትሠራው ኖሮ" አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ወደ ካልኩሌተራቸው ዞሩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከጠዋት ጀምሮ ከየጉራንጉሩ የቆሻሻ ጭስ ይነሳል፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲፈጅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የመጣ ነው ይባላል። ሌላ ሰፈር ሰው ዓይኑን እያሸ ያልፈዋል። እኛ ሰፈር ግን ጭስ በታየ ቁጥር ከየሱቁ አንገት ይወጣል። ሐጂ ከጠዋት ሦስት ጊዜ ደጃፍ ወጥተው ተመልሰዋል።

ትናንት ማታ ባክአፑን ቤቴ እንደገና መለስኩት። ደንበኞች፣ ዕቃዎች፣ ዕዳዎች፤ መጨረሻ ላይ ማሰሪያዎቹ። ቀይ መስመር የለም። ዲስኳ ከእንግዲህ ቁምሳጥኔ ውስጥ ታድራለች።

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ከታች ሱቅ።

"ጋሼ፣ ቀይ ነገር አወጣብኝ።"

"ምን ይላል?"

"ይኼ ደንበኛ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት፣ አይሰረዝም ይላል።"

"ለምን ልትሰርዘው ፈለግህ?"

"መንታ መስሎኝ።"

"አይደለም። ዝጋውና ሥራህን ሥራ።"

ስልኩን ሳላስቀምጠው ሌላ መጣ፤ የመጋዘኑ ልጅ ነው።